ቀለም የተቀባው ዚንክ

«ስንቱ ተበላ?» አለ ዕቃ አቅራቢው፣ ነጭ ጫማውን ዘይት እንዳይነካው እየተጠነቀቀ የሞተር ክፍሉን መሰላል ሲወርድ።

«ግማሹ። ግማሹ ይበቃኛል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። በነጭ ጫማ ሞተር ክፍል የሚገባ ሰው ግን ወዲያው ከመካኒኩ ዓይን ወረደ።

መካኒኩ በስለላ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ «ቁራ» ይባላል። ስምንት ወር ሙሉ እዚች ጀልባ ሆድ ውስጥ ተጎንብሶ ጨው ሲጠርግ ከርሟል። መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ዱቄት ከታየ እዚያ ጋ ውሃ ያንጠባጥባል ማለት ነው። ብሎኑ ይጠብቃል፣ በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል። ነገም እንደገና። ያስተማረው ጋሽ ግሪስ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሞተሩን ጠብታ የባሕር ውሃ ያላስነካ አዛውንት። ቁራ ጀልባው ላይ የሚያከብረው እሱን ብቻ ነበር። ካፒቴኑማ አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አያውቅም። ለእሱ ሞተር ማለት የሚጫን ቁልፍ ነው። የሰው ነፍስ የሚሸጥ ሰው ኮፍያውን በቀን ሦስቴ ሲያስቦርሽ ማየት ቁራን ያንገፈግፈው ነበር።

ንግዱም እዚያው ኮፍያ ገበር ውስጥ ተሰፍቶ ነበር። በስውር የሚሠሩ የአሥራ አንድ ሰዎች ስም ያለበት ሚሞሪ ካርድ። ገዢው ሌላ ቅጂ እንዳይኖር ስላዘዘ ያለው ይሄ ብቻ ነው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ከወሰደው አሥራ አንዱም አይተርፉም። አንዷ የቁራ ታናሽ እህት ናት።

ዛሬ ጠዋት ካፒቴኑ ፂሙን ሲላጭ ቁራ ገበሩን ተርትሮ ካርዱን ወሰደ። የቀረው ማስረከብ ነው። ካርዱ፣ ጨው የቦረቦረው አሮጌ የሞተር ዚንክ ውስጥ ተወትፎ በቁርጥራጭ ብረት ስም ይወጣል፤ አዲስ ዚንክ በምትኩ ይገባል። ተረካቢው «ጎረቤት» ነው፤ ሃያ ዓመት የጀልባ ዕቃ የሸጠ ሰው። ቁራ በመልክ አያውቀውም። ደንቡ ነው።

«እንካ አዲሱን።»

ቁራ ተቀበለው። ግራጫ። ለስላሳ። የሚያብረቀርቅ።

ቀለም ተቀብቷል።

ዚንክ የሚታሰረው ጨው ሞተሩን ትቶ እሱን እንዲበላ ነው። ቀለም ከተቀባ ጨው አይነካውም፤ ዞሮ ሞተሩን ይበላል። ይህን የማያውቅ የጀልባ ዕቃ ሻጭ የለም።

«ያምራል» አለ ቁራ። «ስንት እጅ ነው?»

«ሁለት እጅ። ለዝገት ፍቱን ነው!»

ደደብ። ሰው ሊያስገድል ሲመጣ ትንሽ ጠይቆ አይመጣም?

«ቶሎ በላ!» አለ ሰውየው። «ደግሞ አለቃህ፣ እህትህ ደህና ናት ብሎሃል።»

እህቱ መሆኗን ከአለቃው በቀር የሚያውቅ የለም። ስሞቹን የሸጠው፣ ይህን ሰውም የላከው አለቃው ነው። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ አሥራ አንድ ሰው። ቁራንም የላከው ከበላይ ስለታዘዘ፣ ለይስሙላ ነው። ስምንት ወር ሙሉ «በርታ ልጄ» እያለ።

ከላይ ኮቴ ተሰማ። ካፒቴኑ ነው። በስምንት ወሩ ገና ዛሬ ወደ መሰላሉ ቀረበ፤ ያውም ሽጉጥ ይዞ።

መውጫው አንድ ብቻ ነው።

«ቆይ፣ አሮጌውን ልፍታልህ» አለ ቁራ።

ጎንበስ ብሎ ካርዱን በፒንሳ አደቀቀው። ከዚያ ካቻቪቴውን የባሕር ውሃ የሚያስገባውን ወፍራም ጎማ ያጠበቀው ፋሸታ ላይ ሰካ። በገዛ እጁ ነበር ያጠበቀው።

አንድ ዙር። ሁለት። ሦስት።

ጎማውን ነቀለው።

ባሕሩ ገባ። ሰውየው ሊያንቀው ሲዘል ቁራ ቀለም የተቀባውን ዚንክ ግንባሩ ላይ አሳረፈበት። ሰውየው አንዱን ነጭ ጫማውን ጥሎ መሰላሉን ተንጠላጥሎ ሸሸ።

«ሰመጥን!» ካፒቴኑ ጮኸ። ጀልባዋ ወደብ ላይ ታስራ ቆማለች። እሱ ግን ሽጉጡን ጥሎ ኮፍያውን ይዞ ዘለለ።

ወደ ታች የሮጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ ግሪስ ቁራን ገፍቶት አለፈ፣ ውሃው ውስጥ እስከ አንገቱ ገባ፣ የውሃ መግቢያውን ቫልቭ በዳበሳ አግኝቶ ዘጋው። ከዚያ ግማሹ የሰመጠውን ሞተር አየ። ቁራ እጅ ላይ ያለውን ካቻቪቴም አየ።

«አንተ ነህ የፈታኸው?»

እውነቱን ቢነግረው፣ ነገ መርማሪዎች ምስጢሩን ሊያወጡ አዛውንቱን ያስጨንቁታል።

«አዎ።»

«ለምን ልጄ?»

«ሰለቸኝ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ግሪስ ትክ ብሎ አየው። እግሩ ስር ተፋ።

ቁራ በዕድሜው ብዙ ሰው ንቋል። መናቅ እንዲህ እንደሚያቃጥል ግን አያውቅም ነበር። ወደ ላይ ወጣ፤ ጀልባዋን ሊያዩ በተሰበሰቡት ሰዎች መሃል አልፎ ሄደ።

ለአለቃው አለቃ ደወለ። በማግስቱ አለቃው ከነወንበሩ ተከበበ፤ ካፒቴኑም ተያዘ። ጎረቤት ሱቁ ውስጥ ታስሮ በሕይወት ተገኘ። አሥራ አንዱም ሥራቸው ላይ ናቸው፤ እህቱም ምንም አልሰማችም።

ቁራ አሁን ሌላ ከተማ፣ በሌላ መታወቂያ አሳንሰር ይጠግናል። የምርመራውን መዝገብ አንድ ጊዜ ብቻ አሳይተውታል። መጨረሻው ላይ የጋሽ ግሪስ ቃል አለ። ሞተሩን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቡሎን በቡሎን ፈትቶ በንጹህ ውሃ አጥቧል፤ አልዳነም። ስለ መካኒኩ ሲጠየቅ የመለሰው አንድ መስመር ነው።

«ስሙን አታንሱብኝ።»

የሚያነሳበትም አልነበረም። የቁራን እውነተኛ ስም እዚያ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።