የጸጥታ ክፍል

እሷ ፍርሃትን አትወደውም ነበር፤ ፍርሃት ግን እሷን ይወዳታል። ያሳደጓት አጎቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንኳ «ምን አጠፋሁ?» ብላ ራሷን ትመረምር ነበር።

የምትሠራው በወረዳው ብቸኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ወረዳው እንደ ጎርፍ ውኃ በሚመጣ ሰው ከቀን ቀን ሲሞላ፣ ለአንድ ወንበር ሁለት አንባቢ ሆነ፤ የተረፈው መስኮት ሥር ቆሞ ያነባል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የብረት መቁረጫና መበየጃ ቤት አለ። መቁረጫው ሲያፏጭ የአንባቢው ሁሉ ጥርስ ይነቃነቃል።

አዲስ ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ሲታሰብ፣ ከግንባታ ቢሮ አንድ ወጣት ንድፍ አውጪ ተላከ። እርሳስ ከጆሮው ላይ ስለማይጠፋ አንባቢዎቹ በመጣበት ቀን «እርሳስ» አሉት።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ትጨምሪ ነበር?» ሲል ጠየቃት።

መለሰችለት። ብረቱ ግን ቃሏን በላው።

«ምን አልሽ?»

«ጸጥታ!» ብላ ጮኸች፤ ልክ በዚያች ቅጽበት መቁረጫው ቆመ። ቤቱ ሙሉ ዞሮ አያት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እሱ ግን አልሳቀባትም። እርሳሱን ከጆሮው አወረደና ከንድፉ ጥግ አንዲት ክፍል ስሎ «የጸጥታ ክፍል» ብሎ ጻፈባት። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ዓይኗን ማሸሽ ነበረባት፤ አላሸሸችም።

ከዚያ ወዲህ በሩን ሊለካ እየመጣ በሩን አሰለቸው።

«ትናንት ለክተኸው የለ እንዴ?»

«አድሮ አድጎ እንደሆነ ብዬ ነው።»

በዚህ መሐል በጀቱ ምክር ቤት ገባ። የበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢ አጎቷ ናቸው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ያለ ወትሯቸው ደስ ብሏቸው፣

«ቤተ መጻሕፍታችሁ አለፈላችሁ» አሏት። «የነደፈው ልጅ ብልህ ነው። ለጥበቃ ፖሊሶች የጸጥታ ክፍል አስገብቶበታል። እኛም የጎደለውን ከጸጥታ በጀት ሞላንለት።»

ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ያንኑ ከሰዓት ወደ ቢሮው በረረች። ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዝም ብንልስ?» አለ በመጨረሻ።

«በፖሊስ ገንዘብ የንባብ ክፍል ሠራ ብለው ይከሱሃል። ፈራሚው አንተ ነህ።»

«ብንናገር ሕንፃው ይቀራል። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያነበበ ሊኖር ነው?»

«ቆሞ ማንበብ ይቻላል» አለች። «አንተ ታስረህ ግን እኔ...»

አልጨረሰችውም። እሱም ጨርሺው አላላትም። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ንድፍ አዩ፤ እጆቻቸው ከንድፉ ግራና ቀኝ ነበሩ፤ አልተነካኩም።

«ለአጎትሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አላት ሲሸኛት። «በእኔ ጦስ ቤትሽን እንዳታጪ።»

በማግስቱ ወደ ማታ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች። የበሩን እጀታ ይዛ ቀረች።

«ጋሼ...»

«ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»

«ማንም። ያ ክፍል... የፖሊስ አይደለም። ሰው ድምፅ ሳይረብሸው የሚያነብበት ነው። ቃሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ያልኩትን ነው የጻፈው። የሚቀጣ ሰው ካለ እኔን ይቅጡኝ።»

አጎቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀስ ብለው ነው የጠረጉት፤ እሷ በዚያ መሐል ሞታ ተነሣች።

«ይገርማል» አሉ። «ዛሬ ጠዋት አንድ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ልጅ ቢሮዬ መጥቶ፣ ቃሉ የእኔ ነው፣ ማንም አልነገረኝም፣ ጥፋቱ የብቻዬ ነው ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሄደ። አሁን ደግሞ አንቺ። ከሁለት አንዳችሁ ውሸታም ናችሁ።»

እጀታውን ለቃ አንድ እርምጃ ገባች።

«ለመሆኑ ይህ ልጅ ስለ አንቺ ምን በወጣው ነው የሚዋሸው?»

ዝም። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እሺ፣ ገብቶኛል» አሉ አጎቷ፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሣቅ መሳይ ነገር አለፈ። «ጸጥታ ማለት ይኸ ነው። ኮሚቴውን እንደገና እሰበስባለሁ፤ ገንዘቡ ወደ ቦታው ይመለሳል። ለልጁ ግን ንገሪው፤ የቤተ መጻሕፍቱን በር ሲለካ መክረሙን ሰምቻለሁ፤ ከእንግዲህ ሽማግሌ ይዞ የእኔን በር ይለካ።»

የፖሊሱ ገንዘብ ተመለሰ። ሕንፃው ዘገየ፤ አንድ ፎቁም ቀረ። ያች ክፍል ግን ግማሿ ተቆርጦም ቢሆን ተረፈች። እነሱም የሕንፃው ጣሪያ ሳይከደን ተጋቡ። በክፍሏ በር ላይ «የጸጥታ ክፍል» የሚለውን ጽሑፍ በገዛ እጁ በቀለም የጻፈው እሱ ነው።

ብዙ ዓመት አብረው ኖሩ፤ ለእሷ ግን አልበቃትም። አምና ሕመም በድንገት ወሰደው።

ከቀብሩ በኋላ ሥራዋን ጀመረች፤ ወደዚያ ክፍል ግን መግባት አቃታት። ጮኻ የለመነችው ጸጥታ አሁን እንደ አውሬ አስፈራት። መስኮቱን እንኳ ሌላ ሰው ልካ ታስዘጋ ነበር።

አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ፣ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ልጄ» አሉ በሹክሹክታ፣ ጽሑፉን በአገጫቸው እያመለከቱ፤ «ማንበብ ፈልጌ ነበር። ግን... ውስጥ ፖሊስ አለ እንዴ?»

ጽሑፉን ቀና ብላ አየችው። ሣቋ ሳታስበው አመለጣት። ቤቱ ሙሉ ዞሮ አያት፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ዓይኗ በእንባ ተሞላ፤ ሣቋ ግን አልቆመም።

«የለም አባቴ» አለች በመጨረሻ፣ እጀታውን እየያዘች። «እኔም እንደ እርስዎ ፈርቼው ነው የቆየሁት። ይምጡ፣ አብረን እንግባ።»