«ደርሶናል» ብሎ የረሳው ሳጥን

ሥራ የሚፈጥን ሰው በሁሉም ዘንድ ይወደዳል። አለቃ ያሞግሰዋል፣ ባልደረባ ይቀናበታል፣ እሱም ራሱ በጊዜ ቤቱ ይገባል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል፤ ግን አንድ ነገር ሳንጠይቅ አድገናል። የፈሰሰው ዱቄት ከሆነ ይለቀማል። የፈሰሰው የሰው ደም ቢሆንስ?

ሰውዬው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ነው። በመሥሪያ ቤቱ «ቀልጣፋው» ይሉታል፤ ሌላው በሳምንት የሚጨርሰውን እሱ በሁለት ቀን ያደርሳል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱን ያከብራል፣ ለታመመ ባልደረባ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፣ ቀልድም ያውቃል። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በደልን የሚሠራው ክፉ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከክፉ ሰው መራቅ በበቃን ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የተቀበለው ሥራ ሆስፒታሎች ከደም ባንክ ደም የሚጠይቁበት ፕሮግራም ነበር። ቀድሞ ነርሶች በስልክ ይጠይቁ ነበር፤ የደም ባንኩ ሠራተኛ በትልቅ መዝገብ ይጽፋል፣ ደሙም በመኪና ይላካል። በአዲሱ አሠራር ነርሷ የደሙን ዓይነትና ብዛት ኮምፒውተር ላይ ሞልታ ትልካለች፤ የደም ባንኩ ሠራተኛ ደግሞ ዝርዝሩን ከፍቶ ያያል።

ቀልጣፋው ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አንድ ላይ አሸገው። በሙያው ቋንቋ «ኮንቴይነር» ይባላል፤ የትም ቢወስዱት ተከፍቶ የሚሠራ የታሸገ ሳጥን እንደማለት ነው። ሳጥኑን የሰቀለው ክላውድ ላይ ነው፤ ይኸውም ሩቅ ቦታ ባሉ፣ ሌላ ድርጅት በሚያስተዳድራቸው ኮምፒውተሮች ላይ። የመረጠው «ሰርቨር አልባ» የሚባለውን አገልግሎት ነበር። ስሙ እንዲህ ይበል እንጂ ሰርቨሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያሠራው ኮምፒውተር፣ ጠፍቶ አይደለም፤ የማብራቱና የማጥፋቱ ሐሳብ የሌላ ሆኖ ነው። ጥሪ ሲመጣ ሳጥኑ ይከፈታል። ለተወሰነ ጊዜ የሚያንኳኳ ከጠፋ ይዘጋል፤ ሲዘጋ ውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ለሚቀጥለው ጥሪ የሚከፈተው ባዶውን ነው። ስለዚህ ሊጠበቅ የሚገባው መረጃ ከሳጥኑ ውጭ፣ በቋሚ የመረጃ ቋት መቀመጥ አለበት። ይህን የሙያው ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ቀልጣፋውም ያውቀዋል።

ያውቃል፤ ግን ሥራውን ሲጀምር ለሙከራ ብሎ ጥያቄዎቹ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ባለች አንዲት ፋይል ላይ እንዲጻፉ አድርጎ ነበር። «በኋላ አስተካክለዋለሁ» አለ። ያ በኋላ ሳይመጣ የምረቃው ቀን መጣ።

ፕሮግራሞችን ከመውጣታቸው በፊት የምትፈትሽ አንዲት ባልደረባ ነበረችው። «ቆይ» ማለት ስለምታበዛ «እሜቴ ቆይ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ከምረቃው ሁለት ቀን በፊት ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«ቆይ እስቲ። ጥያቄዎቹ የት ነው የሚቀመጡት?»

«እሜቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» አለ እየሳቀ።

«የምሬን ነው። ሳጥኑ ሲተኛ ምን ይሆናሉ?»

«የሚተኛው ሰው ካልነካው ነው። ይሄ እኮ የደም ባንክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅበት የሚውል ነገር መቼ ይተኛል? ሦስት ሰዓት ሙሉ ሞክረነዋል፤ አንድም ነገር አልጠፋም።»

«ሦስት ሆነን ያለማቋረጥ ስንነካካው እንዴት ይጠፋል? አንድ ሰዓት ትተነው ደግመን እንየው እንጂ!»

ሥራ አስኪያጁ ከመስታወት ክፍሉ ብቅ አለ። «እናንተ ልጆች፣ የምረቃው ጥሪ ተበትኗል። እንግዳ ጠርቼ ‹ቆይ› ልበል?»

«ኧረ ዝግጁ ነው» አለ ቀልጣፋው። ቁልፉን ተጫነ፤ ሳጥኑ ክላውዱ ላይ ወጣ። እሷ ፊቷ እንደቀላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። አንድ ሰዓት። የለመነችው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር!

ፕሮግራሙ ተመረቀ፣ ተጨበጨበ። ለሆስፒታሎቹ ሁሉ «ከእንግዲህ በስልክ ደም መጠየቅ ክልክል ነው» የሚል ደብዳቤ ተጻፈ። ሁለት ሳምንት ሁሉም ደህና መሰለ። የደም ባንኩ ሠራተኛ የጥያቄዎቹ ቁጥር በየማለዳው ከአንድ እንደሚጀምር አስተውሏል፤ «የየቀኑን ነው የሚቆጥረው» ብሎ አለፈው። ሳጥኑ ሌሊት ሌሊት የያዘውን ሁሉ እየጣለ እንደሚያድር ማን ይንገረው?

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ እሑድ ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ በአንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል አንዲት የሃያ አራት ዓመት ሴት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለች ነርስ ሦስት ከረጢት ደም ጠየቀች። ኮምፒውተሩ በአረንጓዴ ጽሑፍ መለሰላት፦ «ጥያቄዎ ደርሶናል። ቁጥር 9»። ነርሷ እፎይ ብላ ወደ ታማሚዋ ሮጠች።

የደም ባንኩ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ደም ሊለግሱ የመጡ ሰዎችን እያስተናገደ ነበር። እሑድ ነውና ሌላ የሚጠይቅም አልነበረም። ሳጥኑ ተዘጋ። ሠራተኛው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ዝርዝሩን ሲከፍት ባዶ ነው፤ ተመስገን ብሎ ምሳውን ፈታ።

ነርሷ ጠበቀች። ከመስኮት ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮት ተመላለሰች። መኪናው የለም። ሰባት ሰዓት ላይ ክልከላውን ጥሳ ስልክ አነሳች።

«ሲስተር፣ እኔ ጋ ምንም አልመጣም» አላት ሠራተኛው።

«እንዴት አልመጣም? ደርሶናል ብሎኛል እኮ!»

«እውነቴን ነው፣ ምንም የለም። ቶሎ ድገሚው፤ አሁኑኑ አስጭናለሁ።»

ደግማ ላከች። ኮምፒውተሩ «ቁጥር 1» አላት። ደሙ የደረሰው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሐኪሞቹ የሴትየዋን ሕይወት ለማትረፍ ማሕፀኗን ማውጣት ግድ ሆኖባቸው ነበር። ተረፈች። ዳግመኛ ግን አትወልድም።

ጥፋተኛ ተፈለገ። የሆስፒታሉ ኮሚቴ «ነርሷ ጥያቄውን በሰዓቱ ልካለች ወይስ አልላከችም?» ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈ። ቀልጣፋው ዝርዝሩን ከፈተ፤ የእሑዱ ስድስት ሰዓት ጥያቄ የለም። ሌላ ቦታ አላየም፣ ሰው አልጠየቀም። «በተጠቀሰው ሰዓት የተላከ ጥያቄ ሲስተሙ ውስጥ አልተገኘም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር። በዚያች አንድ መስመር ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለችው ነርስ ከሥራ ታገደች።

ማታ እራት ላይ ለሚስቱ አጫወታት። ሚስቱ አስተማሪ ናት። «ሰው ራሱ ሳይልክ ይረሳና ኮምፒውተሩን ይከሳል» አላት እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ተማሪ ‹ደብተሬን ሰጥቼሽ ነበር› ሲለኝ መጀመሪያ የምፈትሸው የራሴን መሳቢያ ነው» አለችው። «አንተ የራስህን ፈትሸሃል?»

«ዝርዝሩ ላይ የለም አልኩሽ እኮ» አለና ወሬ ለወጠ።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ራሷ መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጣች። ወንበር ሲሰጧት አልተቀመጠችም።

«ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ሲስተር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ያየኸውን!» አለች። ድምጿ አልጮኸም፤ ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። «ልጄ፣ እኔ ያየሁትን ልንገርህ። ሴትየዋ እጄን ይዛ ‹ሲስተር፣ ደሙ መጣ?› ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ‹ደርሷቸዋል፣ አይዞሽ› እላት ነበር። ያንተን አረንጓዴ ጽሑፍ አምኜ! አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። በመጀመሪያው ጥያቄዬ ቁጥር ዘጠኝ ያለኝ፣ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ስደግመው እንዴት ቁጥር አንድ አለኝ? በዚያው ቀን! ለኮሚቴው ብናገር ‹ተምታቶባት ነው› አሉ። አንተስ ምን ትላለህ?»

እሜቴ ቆይ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ቀልጣፋው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ክላውዱን የሚያስተዳድረው ድርጅት እያንዳንዱ ሳጥን መቼ እንደተከፈተና እንደተዘጋ፣ ምን እንደተቀበለ ከሳጥኑ ውጭ መዝግቦ ይይዛል። መዝገቡ ሁልጊዜም እዚያው ነበር፤ ለመክፈት ሦስት ጊዜ መጫን ይበቃል። ደብዳቤውን ሲጽፍ ያልከፈተውን አሁን ከፈተው። ስድስት ሰዓት ከአሥር፦ ጥያቄ ቁጥር 9 ተቀብሏል። ስድስት ከሃያ ስድስት፦ ሳጥኑ ተዘጋ። ስድስት ከሃምሳ አንድ፦ ሳጥኑ እንደ አዲስ ተከፈተ።

«ልከዋል» አለ። «በሰዓቱ ልከዋል፣ ሲስተር። የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ነርሷ ያን ጊዜ ነው የተቀመጠችው። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰማ በሩን ዘጋ። «ስማ፣ ዝም ብለህ አስተካክለው። የመሥሪያ ቤቱ ስም አለ። ነርሷን እንደሆነ በማስጠንቀቂያ ያልፏታል፣ አትባረርም።»

«ምን ስላደረገች ነው ማስጠንቀቂያ የሚሰጣት?»

«አንተ ደግሞ! የማሽን ስህተት እኮ ነው፤ ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም።»

«ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሠራው፣ ጋሼ። ሲተኛ ይጥላል፤ እንደሚጥል አውቅ ነበር። እሜቴ ነግራኛለች፤ እርስዎም ቆመው ሰምተዋል። ነገ ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ። ከሥራ ካስወጡኝም ያስወጡኝ።»

በማግስቱ መዝገቡን አትሞ ሄደ። ኮሚቴው ፊት ቆሞ አንድም የሙያ ቃል ሳይጠቀም ተናገረ፦ «ጥያቄውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሳላበጅለት ‹ደርሶናል› እንዲል አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስጠየቅም ሳልመረምር ነርሷ ላይ ፈረምኩ። የመጀመሪያው ስንፍና ነው፤ ሁለተኛው ግን የሐሰት ምስክርነት ነው።» ነርሷ በዚያው ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱ ከኃላፊነቱ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁም የሰማውን «ቆይ» ለምን እንዳለፈው በጽሑፍ እንዲመልስ ተጠየቀ።

ጥያቄዎቹ ከዚያ ወዲህ በቋሚ ቋት ይቀመጣሉ፤ አንድ ሳጥንም ሁልጊዜ ነቅቶ እንዲቆይ ተደርጓል። የስልኩ ክልከላ ተነሳ። ያለ እሜቴ ቆይ ፊርማ ምንም ነገር ክላውዱ ላይ አይወጣም። ይህን ሁሉ ለማስተካከል የፈጀው አንድ ቀን ተኩል ነው። አንድ ቀን ተኩል! የአንዲት ሴት ማሕፀን የጠፋው ለዚህ ነበር።

ቀልጣፋው ከኮሚቴው ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ነርሷን አገኛት። «ሲስተር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«የኔን ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «የእሷን ግን እኔ ልሰጥህ አልችልም። አምስተኛው ክፍል ናት። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። ሂድና ራስህ ንገራት፤ ከማሽን ሳይሆን ከሰው ትስማ።»

ሄደ። በሩን አንኳኩቶ ገባ። ሴትየዋ ሕፃኗን ታጠባ ነበር። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ ነገራት። አልተቆጣችም፣ አልረገመችውም። ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጥብቅ አድርጋ ይዛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «ሌላዋ ሴት ላይ አይደርስም አይደል?»

«አይደርስም» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ሳይፈትሹ «እሺ» ማለት ምን እንደሚያስከትል አሁን አውቆታል። «በየቀኑ ደም ባንኩ ድረስ እየሄድኩ ራሴ እፈትሸዋለሁ» አላት። ኃላፊነቱን ቢያጣም ቃሉን ጠበቀ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋት ጠዋት ደም ባንኩ በር ላይ ቆሞ የሙከራ ጥያቄ ይልካል፤ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፤ ተመልሶም ያያል።

እኛስ? በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጠረጴዛው የምንሠራውን ነገር የሚያምን አንድ የማናውቀው ሰው አለ። እጁ በሌላ ሰው ሕይወት የተያዘ ነው፤ ሥራችንን ሊፈትሽልን ጊዜ የለውም። ፈትሸን መስጠት ውለታ አይደለም፣ ግዴታችን ነው። ነገር ሲበላሽ ደግሞ ጣታችንን በደካማው ላይ ከመቀሰራችን በፊት የራሳችንን መሳቢያ እንክፈት። ሳይከፍቱ መፈረም ነውር ነው።