አፍንጫው የተነከሰ የወረቀት አውሮፕላን

ይህን የማወራችሁ ከራሴ ፈጥሬ አይደለም። ነገሩ የደረሰባት ሴት ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ስትነግረኝም አላለቀሰችም፣ አልማለችም።

ቢቸና። የካቲት 14 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

ልብ በሉ... ጠራራ ፀሐይ ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብላ ትተወው ነበር።

መምህርት ሰብለ ወንጌል ልጆቹን አሰናብታ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ፈተና ታርማለች። አንድ የወረቀት አውሮፕላን በመስኮት ገባ፤ ቀስ ብሎ ዞረና ጠረጴዛዋ ላይ አረፈ።

የልጆች ተንኮል ነው ብላ ፈገግ አለች።

ከዚያ አፍንጫውን አየች...

ተነክሷል።

እንዲህ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች፤ ታናሽ ወንድሟን ወልደ ኪዳንን። ልጆች ሆነው ሞጣ ሳሉ ወረቀቱን ለሁለት ያጥፋል፣ ሁለቱን ማዕዘን ወደ መሐል ያመጣል፣ ክንፉን ይዘረጋል፤ በመጨረሻም አፍንጫውን በፊት ጥርሱ ነከስ ያደርገዋል። ካልነከሱት ሩቅ አይሄድም ይላት ነበር። አንዱ የፊት ጥርሱ ሸራፋ ስለሆነ፣ ምልክቱ መሐል ላይ ክፍተት ይቀራል።

ይኸኛውም ክፍተት አለው።

ወልደ ኪዳን ግን ኅዳር ላይ ሞጣ ታስሯል። ጥር 5 ቀን እናታቸው ስንቅ ይዘው ሲሄዱ የእስር ቤቱ ዘበኛ «ከእንግዲህ አያምጡ» ብሎ መለሳቸው። ያን ጊዜ የዚህን ቃል ትርጉም የማያውቅ አልነበረም። ማልቀስም ክልክል ነበር።

ሰብለ ወንጌልን ግን ከሐዘኑ ይበልጥ የሚበላት ሌላ ነገር ነበር። ታኅሣሥ ላይ መምህራኑ ሁሉ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሞሉ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል የለ? ሰብለ ወንጌል ከበቅሎም ባሰች። «ወንድም» ከሚለው ፊት ለፊት «የለኝም» ብላ ጻፈች። ሥራዋን እንዳታጣ፣ እናቷም ጧሪ እንዳያጡ ብላ ነው። ወንድሜ ነገሩ ይገባዋል፣ ለጊዜው ነው ብላ ራሷን አባበለች።

እና አሁን... ይህ አውሮፕላን።

ወጥመድ ነው፣ አለች በልቧ። አንድ ሰው ፊቴን ሊያይ ፈልጓል።

ወደ ግቢው ወጣች። ማንም የለም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አዳሙ በሩ ሥር ተቀምጧል።

«ጋሼ አዳሙ፣ ማን ገባ?»

«ማንም። ልጆቹ ከወጡ ወዲህ በሩን አልከፈትሁም፣ እትዬ።»

«የሚጫወት ልጅስ አላዩም?»

«እንኳን ልጅ... ንፋስም የለ።»

እውነቱን ነው። የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ተመልሳ አውሮፕላኑን ፈታችው።

የገዛ ራሷ ቅጽ ነው። የገዛ ራሷ ፊርማ። የጥርሱ ምልክት ያረፈው ደግሞ «የለኝም» የሚለው ላይ ነው።

ቅጾቹ የሚቀመጡት የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ሰብሳቢ ኃይለ ጊዮርጊስ ቢሮ፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው። እሱ ነው የወረወረው፣ ሌላ ማን ይሆናል? መልሳ አጠፈችውና በእጇ ይዛው ሄደች።

ኃይለ ጊዮርጊስ ሣጥኑን ከፍቶ ተንበርክኳል። በላብ ተጠምቋል።

«ያንቺ ቅጽ የለም» አላት በሹክሹክታ። «ቁልፉ ካንገቴ አልወረደም... ማን ወሰደው?»

ዓይኑ እጇ ላይ ወደቀ፤ የተነከሰውን አፍንጫ አየ። ቀኝ እጁን ቶሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

እሷ ግን አይታዋለች። አውራ ጣቱ ሥር፣ ኅዳር ላይ ከሞጣ ሲመለስ በፋሻ በጠቀለለው ቦታ፣ የንክሻ ጠባሳ አለ። መሐሉ ላይ ክፍተት...

«ይህን ጥርስ ታውቂዋለሽ?» አላት።

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅባት። ወንድሜ ነው ማለት።

«አላውቅም» አለች።

ሁለተኛ ካደችው።

ኃይለ ጊዮርጊስ ቅጹን አልተቀበላትም። ከዚህ አውጪልኝ ብቻ አላት።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ሞጣ ሄደች። ጉንደ ወይን ኬላ ላይ ቦርሳዋን ሲፈትሹ፣ ቅጹ በመቀነቷ ውስጥ ነበር። መንገዱን ሙሉ ወገቧን ሲቆነጥጣት እንደነበር ትናገራለች።

እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ገና ሳይስሟት በሩን ዘጉ። ከትራሳቸው ሥር አንድ ነገር አወጡ።

የወረቀት አውሮፕላን።

«ማክሰኞ አርባው ነበር» አሏት በሹክሹክታ። «ተዝካሩን ማውጣት ፈርቼ፣ ቤቴን ዘግቼ ለብቻዬ ሳለቅስ... ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በመስኮት ገባ። ምን ይላል?»

እናቷ ፊደል አልቆጠሩም።

ሰብለ ወንጌል በአውራ ጣቷ ይዛ ፈታችው። እሷ የሞላችው ዓይነት ቅጽ ነው። የእጅ ጽሑፉ የወልደ ኪዳን ነው። ግርጌው ላይ ያለው ቀን የካቲት 14 ይላል።

«እህት» ከሚለው ፊት ለፊት...

«አለችኝ። ሰብለ ወንጌል።»

እናቷ ይጠብቃሉ።

«አንብቢልኝ እንጂ፣ ልጄ።»

ልታነብላቸው አውራ ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

ጣቷ ሰማያዊ ሆኗል። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።