ላንድሮቨሯ ውስጥ ያስገባሁት አልጋ

ወዳጄ፣ እኔ በጋኔንም ሆነ በሙት መንፈስ አምኜ አላውቅም፣ ይህን የምልህ ደግሞ ወሬዬን ለማሳመር አይደለም፣ ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ድምፅ ከሰማሁ ወይ የላላ ብሎን ነው ወይ ያለቀ ኩሽኔታ ነው፣ ሌላ ነገር አይታየኝም። በዚያ ላይ ዘመኑ የደርግ ነበር፣ በየሳምንቱ በውይይት ክበብ እየሰበሰቡ “ቁስ አካል ይቀድማል፣ መንፈስ የሚባል ነገር የለም” ሲሉን ሌላው ያንቀላፋል፣ እኔ ግን ከልቤ ነበር የማጨበጭበው። አሁንም ቢሆን አምናለሁ አልልህም። የደረሰብኝን ብቻ ልንገርህ፣ ስጨርስ አንተው ፍረድ።

ያኔ ደብረ ታቦር ነበርኩ፣ ለአንድ የአፈር ጥናት ፕሮጀክት ሾፌርም መካኒክም ሆኜ። ሥራችን ጉና ተራራ ሥር ነው፣ ከገሳይ ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ። የጉናን ብርድ ያልቀመሰ ሰው፣ እውነቴን ነው፣ ስለ ብርድ ባያወራ ይሻላል። ድንኳን ብንተክል ነፋሱ ይነቅለዋል፣ ያልተነቀለው ደግሞ ጠዋት ውርጭ አድርቆት እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ወደ ከተማ እንዳንመለስ፣ ከመሸ በኋላ ኬላው ገመዱን አያነሳም፣ የሰዓት እላፊ ነው። የቆላ ልጅ ነኝ፣ ሁለት ሌሊት ጥርሴን ሳፋጭ አደርኩና በሦስተኛው ቀን “ይቺን መኪና መኝታ ቤት ካላደረግኳት እኔ ሰው አይደለሁም” ብዬ ተነሳሁ።

አደረግኳትም። የረጅሟን ላንድሮቨር የኋላ አግዳሚ ወንበሮች ፈትቼ አወጣሁ፣ ወለሉ ላይ የገብስ ጭድ የሞላሁበት ጆንያ አነጠፍኩ፣ መስኮቶቹን በወታደር ብርድ ልብስ ጋረድኩ፣ የበሩን ክፍተት ሁሉ ከአሮጌ ጎማ በቆረጥኩት ላስቲክ ደፈንኩ፣ ለመተንፈሻ አንዲት መስኮት ብቻ በጣት ስፋት ተውኩ። ከጣሪያው ትንሽ አምፖል አንጠለጠልኩና ከባትሪው ጋር አገናኘኋት። ባልደረቦቼ “ጉና ሆቴል” አሏት፣ ሌሎች ሾፌሮችም እያዩ መቅናት ጀመሩ፣ እኔም ትንሽ ኮራሁ መሰለኝ።

የጎደለኝ አልጋ ነበር። ጣውላ በኮታ ነው፣ ማመልከቻው ሳይፈረም ክረምቱ ያልቃል። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ባማክረው “ጓድ ግርማ፣ ለዚህ ነው የምትጨነቅ? መጋዘናችን ውስጥ አንድ የጠፍር አልጋ ቁሟል፣ ውሰደው” አለኝ። ጠባብ፣ ጠንካራ፣ ለመኪናዋ ተለክቶ የተሠራ የሚመስል አልጋ ነበር፣ ችግሩ የግራና የቀኙ እንጨት በራስጌም በግርጌም ረዝሞ ወጥቷል፣ በሩ አይዘጋም። መጋዝ አመጣሁና አራቱንም ጫፍ መቁረጥ ጀመርኩ።

የመጨረሻውን ስቆርጥ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ። የዚያው መንደር ገበሬ ናቸው፣ ስማቸውን አልጠየቅሁም።

“ልጄ፣ መያዣውን ምነው ቆረጥኸው?”

“በሩ አልዘጋ አለኝ አባባ።”

“ይኼ እኮ የአገሩ አልጋ ነው። በሽተኛ የምናወርድበት፣ ሬሳ የምንወስድበት። አራት ሰው አራቱን ጫፍ ይይዝና፣ ሲደክመው ‘ተቀበለኝ’ ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ሊቀ መንበሩ ምን ነክቶት ነው ለእናንተ የሰጠ?”

“አይጨነቁ አባባ፣ ከእንግዲህ መኪናዋ ትሸከመዋለች” አልኳቸው እየሳቅሁ።

አልሳቁም። “በሽተኛ ስንሸከም እየተጫወትን ነው የምንሄድ፣ እንዲበረታ ብለን። ዝም ካልን ሰውየው አርፏል ማለት ነው። እንግዲህ እናንተ ተኙበት፣ ብቻ የታመመ ሰው አታስተኙበት” ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ መጋዙን ጠራርጌ አልጋውን በብሎን ከወለሉ ጋር አሰርኩት። እንጨትና ጠፍር ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ።

እውነትም ለብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ተኛንበት፣ ሞቀን፣ አንኮራፋን።

ከዚያ ተስፋዬ ታመመ። ተስፋዬ የፕሮጀክቱ የአፈር ባለሙያ ነው፣ ከእኔ ጋር እንደ ወንድም ነበርን፣ ጅማ ያለች እናቱ ከእሱ በቀር ልጅ የላትም። ጉና ላይ በረዶ ደብድቦት ሁለት ቀን ሲያስል ሰነበተና በሦስተኛው ቀን ደረቱን ይዞ መቆም አቃተው፣ ገላው እንደ እሳት ይፋጃል፣ ሲተነፍስ ድምፁ ከውጭ ይሰማል። አልጋው ላይ አስተኝቼው ወደ ሆስፒታል ነዳሁ። መንገድ ላይ ያገኘነው ወንዝ ድልድይ የለውም፣ በበጋ ጎማ የማያረጥብ ነበር፣ የዚያን ቀን ግን ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ወርጄ አየሁት፣ ብገባበት ሁለታችንም እናልቃለን። ወንዙ እስኪጎድል ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረኝም፣ እየጠበቅሁ ጉም ወረደ፣ ጨለመ። ይህ ልጅ እስኪነጋ ይቆይልኝ ይሆን ወይ የሚለው ብቻ ነበር የሚያስጨንቀኝ።

የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ አደረግኩ፣ ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ አለበስኩትና እኔ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ጠፍሩን ነው፣ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠው ነው ብዬ ዞሬ ባየው ተስፋዬ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። አምፖሏ ግን ትወዛወዛለች፣ ወዲህ ወዲያ፣ በሰው እርምጃ ልክ። ነፋስ ነው እንዳልል ነፋስ የለም፣ ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ወርጄ ጎማዎቹን በእጅ ባትሪ አየሁ፣ ድንጋዮቹ እንዳሉ ናቸው፣ መኪናዋም ንቅንቅ አላለችም። ተመልሼ ስገባ ግን፣ እመነኝ፣ ውስጧ እየሄደ ነበር።

ከዚያ ትንፋሽ መጣ፣ ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሽ፣ ከአንድ አይደለም፣ ከአራቱም ማዕዘን። እኔ መጋዝ ያሳረፍኩባቸው አራት ጫፎች ባሉበት።

“ተቀበለኝ” አለ አንድ ድምፅ ከራስጌው።

“እሽ፣ አምጣው” አለው ሌላው።

ፀጉሬ ቆመ። “ማነው?” ብዬ ጮህኩ፣ እነሱ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። በረዶ ስለመታው ገብስ ያወራሉ፣ ጠፍቶ ስለተገኘ በሬ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ የሚያስፈራ ቃል አልተናገሩም።

“የማን ልጅ ነው?” ሲል ሰማሁ አንዱ።

“እንጃ። የሩቅ አገር ሰው ነው።”

“እናቱ ሰምታለች?”

“አልሰማችም።”

ከዚህ በኋላ ዝም አሉ። እርምጃው አለ፣ ሲጥ ሲጥታው አለ፣ ወሬው ግን ተቋረጠ፣ እርምጃውም ቀስ እያለ ሄደ። የሽማግሌው ቃል ትዝ አለኝ። እንዴት ወንበሩን ዘልዬ ወደ ኋላ እንደገባሁ አላውቅም፣ ተስፋዬን ብነካው እጁ ቀዝቅዟል፣ ያ ከውጭ የሚሰማ ትንፋሹ ጠፍቷል። በብብቱ ይዤ ጎተትኩት፣ ከአልጋው አወረድኩት፣ በወንበሩ ላይ አሳልፌ ከፊት እቅፌ ውስጥ ጨመርኩት። ጉንጩን በጥፊ መታሁት። አንዴ አቃሰተ።

ከኋላችን እርምጃው ቆመ።

“ቀለለ” አለ አንዱ።

“ወርዷል እንዴ? ማነው ያወረደው?”

አልዞርኩም። ዝም ካልኩ የሚያልቅ መሰለኝና ማውራት ጀመርኩ። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ለፈለፍኩ፣ ስለ ናዝሬት ሙቀት፣ ስለ አለቃዬ ራሰ በራ፣ አንድ ጊዜ በስህተት የሌላ ሰው ሠርግ ገብቼ ጠግቤ ስለመውጣቴ፣ ያም ሲያልቅ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ከካንዴላው እስከ ፒስተኑ አስረዳሁት። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ከፍ ዝቅ ሲል እየቆጣጠርኩ፣ እያለቀስኩም ጭምር። መሀል ላይ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ ጓ ብሎ ጮኸ፣ ከበድ ያለ ነገር ከትከሻ ወርዶ መሬት ላይ እንደሚቀመጥ፣ አምፖሏም መወዛወዟን ተወች። እኔ ግን ጎሕ እስኪቀድ ወሬዬን አላቋረጥኩም።

ሲነጋ ወንዙ ጎድሏል። ተስፋዬ ዓይኑን ገልጦ “ውሃ” አለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ደስ ያለኝ ነገር የለም። ሆስፒታል አደረስኩት፣ የሳንባ ምች ነው አሉ፣ መርፌ ጀመሩለት። እኔ ዕለቱን አልጋውን ፈታሁት፣ በቆረጥኳቸው ጫፎች ፋንታ ጠንካራ የባሕር ዛፍ መያዣ አስገባሁለትና ለመንደሩ መለስኩ፣ ሊቀ መንበሩ የፈለገውን ይበል ብዬ። ሽማግሌው ተቀበሉኝ፣ አዲሱን መያዣ በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት። በቃ አለቀ ብዬ፣ እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰለህ።

ተስፋዬ ሲሻለው ልጠይቀው ሄድኩ። ትራስ ተደግፎ ሾርባ ይጠጣል፣ ሲያየኝ ሳቀ።

“ግርማ፣ አንተ ለካ እንዲህ ያለህ ወሬኛ ነህ! ያን ሌሊት እኮ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ እንጂ ሁሉንም እሰማ ነበር።”

“እንኳን ሰማህ። አንተን ለማቆየት ነው የለፈለፍኩት።”

“እሱስ ገብቶኛል። ከኋላ የሚመልሱልህ ሰዎች ግን እነማን ናቸው?”

“የምን ሰዎች?” አልኩት።

“ተው እንጂ፣ አብረውህ ሲጫወቱ አልነበር? የሠርጉን ስትነግራቸው እንዴት እንደሳቁ! ኋላ ደግሞ አንደኛው፣ ድምፁ የሽማግሌ ነው፣ ‘እሱን አውርደህ ወሰድህብን፣ እንግዲያው ተራውን አንተ ያዝልን’ አለህ።”

“እኔስ ምን አልኩ?”

“‘እሺ፣ ጥሩኝ’ አልካቸው። ከዚያ አልጋውን አስቀመጡትና ሄዱ። ምነው ግርማ፣ ፊትህ ተለዋወጠ?”

አላልኩም ብዬ ልምልልህ እችል ነበር፣ ግን ያን ሌሊት ያወራሁትን ሁሉ አላስታውስም፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ደግሞ የምን ተራ ነው? ሊያሸክሙኝ ነው ወይስ ሊሸከሙኝ? ተስፋዬ ድኖ ጅማ ገባ፣ አግብቶ ወልዷል፣ እናቱንም ጦሯታል፣ ለዚያ የሰጠሁት ቃል ከሆነ አልጸጸትም። ብቻ ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሲመሽ ከውጭ ስሜ ሲጠራ አቤት አልልም። ሚስቴ “ሰው እየጠራህ ነው እኮ!” ብላ ትቆጣኛለች፣ እኔም “እስቲ መጀመሪያ አንቺ እዪልኝ” እላታለሁ። ወጥታ ታያለች። አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ነው።