ወንበሩን የተረከቡት እትዬ

«አቁመው» አለ በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ።

አቆመው።

ሰርቨሩን ከጠዋት ጀምሮ ያሳመመው ራሱ ነው። በድንበር ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ የሚያውቁት ዝምተኛ የሲስተም ጠጋኝ አድርገው ነው፤ ሰላይ ነው ብሎ የጠረጠረ የለም። ሲስተም ሲታመም ደግሞ ደንቡ ይታወቃል፤ ወደ ዳታቤዙ የሚገባው አዲስ መረጃ፣ አፕዴት የሚሉት፣ ሁሉ ቆሞ ወረፋ ይይዛል፣ ሲሻለው ይለቀቃል። ወረፋው ውስጥ «ድርጭት» የሚሏት ሴት ስም አለ። ድርጭት እንደ እሱ ሰላይ፣ የእነሱ ሰው ናት። አፕዴቱ ከተለቀቀ የድንበሩ በር ተፈላጊ መሆኗን ያውቃል፤ ያኔ አለቀላት። እስከዚያ ግን እንደማንኛውም መንገደኛ ናት።

ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ያው የስለላ አለቃው ነው፣ «አጎት» የሚሉት።

«አልፋለች። ልቀቀው።»

ጣቱን ሊሰድ ሲል ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ፓስፖርቷ በሩ ላይ ገና አልተነበበም።

አላለፈችም።

ክው አለ። አጎት ሸጧታል። እሷን የሸጠ እሱን መች ይምራል? የሚይዙት ሰዎች እየመጡ ነው ማለት ነው።

እንዳይወጣ ደንቡ አንቆ ያዘው። አፕዴት ያቆመ ሰው ከወንበሩ የሚነሳው ለሌላ አስረክቦ ነው። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ማሽኑ ጠይቆ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ራሱ ይለቀዋል።

ከጎኑ እትዬ ነበሩ፣ የቢሮው ሁሉ እናት። ፊትህን ምን ነካው አሉት። እናቴ ታመመች አላቸው። ዕድሜውን ሙሉ የዋሸ አፍ፣ ያን ቀን ውሸት ከበደው።

«ሂድ የኔ ልጅ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

«እስክደውልልዎት እንዳይለቁት፣ እትዬ። ማንም ቢል።»

«ምን በወጣኝ!» ብለው በራሳቸው ስም ሲስተሙ ውስጥ ገቡና ወንበሩ ላይ ተደላደሉ።

ደረጃው ላይ ሁለት ሰዎች አስቆሙት። መልኩን አላወቁትም።

«አፕዴቱን ያቆመው የት ነው?»

«ምድር ቤት፣ ሰርቨሩ ጋ።»

ወረዱ። እሱ ወጣ።

ታክሲ ሲጠብቅ መልእክት ገባ። ድርጭት ናት። «ተሻገርኩ።»

አሁን ለእትዬ መደወል ነበረበት። ልቀቁትና ሽሹ ማለት ብቻ። ግን ከደወለ አሳዳጆቹ ያለበትን ያውቃሉ። ፈራ። ሲሙን አውጥቶ ሰበረው።

ወራት አለፉ። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም፤ ስልክ ጠጋኝ ሆኗል። ድርጭት ደህና ናት፣ ወልዳለች ሲባል ሰምቷል። እሱን ግን እንቅልፍ ከሸሸው ቆየ። ዓይኑን ሲጨፍን እትዬ ሹራባቸውን ደርበው ስልኩን ሲጠብቁ ያያቸዋል።

አንድ ቀን አልቻለም። ከሰው ስልክ ተውሶ ወደ ቢሮው ደወለ። የማያውቀው ወጣት አነሳ። የእትዬን ስም ጠርቶ ጠየቀው። ወጣቱ ኪቦርዱን ሲነካካ ይሰማል።

«እንዲህ የሚባሉ ሰው ሲስተሙ ላይ የሉም» አለው። «እዚህ ሠርተውም አያውቁም።»

በእሱ ፈንታ እትዬን ወስደው ስማቸውንም ከመዝገብ እንደፋቁት ገባው። አመስግኖ ዘጋ። ስልኩን ለባለቤቱ መለሰና ወደ ሱቁ ገባ። ደንበኛ እየጠበቀው ነበር።