ለደግ ባል የተነገረ ውሸት

ልቧ ያከበረውን ባል ገላዋ እንቢ ካለው፣ አንዲት ሚስት ምን ታድርግ? ቀን ከሌት አስበዋለሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም።

ይህች የማወራላችሁ ልጅ ወላጆቿን በሕፃንነቷ አጥታ በሴት አያቷ እጅ ያደገች ናት። አንድ ቁመናው ያማረ የአውቶቡስ ሾፌር በሳቁ ልቧን ሲያቀልጠው አያቷ እንቅልፍ አጡ። “ቁመናውን ልትበይው ነው? ሌላዋም ታየዋለች እኮ” አሏት። የጎረቤቱን መካኒክ ግን ወደዱላት፤ የማይጠጣ፣ የማይቆጣ፣ የሰው መኪና እንደ ሕፃን የሚያባብል። “ፍቅሩ አብራችሁ ስትኖሩ ይመጣል” ብለው ዳሯት። ምስኪን አያት... ክፉ አስበው መሰላችሁ?

ፍቅሩ አልመጣም። ባልየው ሲያማት ሾርባ ሠርቶ በማንኪያ ያጎርሳታል። በመኝታቸው እጁን ሲዘረጋ ግን ሰውነቷ ይኮማተራል። አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ “ምን አጥፍቼ ነው?” ቢላት እውነቱን እንዳትነግረው አሳዘናት።

“የጋራዡ ዘይት ይሸተኛል” አለችው።

ፊቱ በራ። “ይሄ ብቻ ነው እንዴ? እኔ እኮ መልኬ መስሎኝ ፈርቼ ነበር” ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ እጁን በብሩሽ ሲፈገፍግ ቆዳው ተላጠ። ልብሱን ደጅ እየለወጠ መግባት ጀመረ። አልበቃ ሲል ደንበኛ ስሙን እየጠራ የሚመጣበትን ሥራ ትቶ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው በር ላይ ተቀምጦ መዋል... እሷ ግን ያው ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። በደሏን እያወቀች እንዴትስ እንቅልፍ ይውሰዳት?

አንድ ከሰዓት አያቷ ሊጠይቋት መጡ። ሁለቱም ሽንኩርት እየላጡ ሳሉ፣

“ሥራውን እንኳ ተወልሽ። አሁን ደግሞ ምን ሰበብ ቀረሽ?” አሏት።

“እማማ፣ ድሮም ዘይቱ አልነበረም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“እሱ ራሱ ነው። እንደ ወንድሜ እወደዋለሁ... ሲነካኝ ግን ይጨንቀኛል። ስንት ጊዜ ራሴን ለመንኩት መሰለሽ።”

አያቷ ቀና ሲሉ ባልየውን በሩ ላይ አዩት። ተረኛው ቀድሞ ስለተካው ለአሮጊቷ ጉልበት ቅባት ገዝቶ መምጣቱ ነበር።

“ልጄ፣ ተቀመጥ... ጥፋቱ የኔ ነው” አሉት። ሚስቱ ቢላዋውን አስቀምጣ ተነሣች። ዕጣ ፈንታ ነው ብለን እንለፈው ይሆን? ዕጣ ፈንታ መቼ ዳራት፣ መቼስ ዋሸው? ለእሷ ሲሳሱ፣ ለእሱ ሲታዘንለት የተሠራ ጥፋት ነው፤ የሚያንገበግበውም ለዚህ ነው።

ቅባቱን አሮጊቷ እጅ ላይ አኖረ። የሚስቱን ፊት አላየም። አሮጊቷ በር ሲላተም እንደሚደነግጡ ስለሚያውቅ በሩን በቀስታ ስቦ ወጣ።