አንድ ስቴካ ለሁለት

«ያ ቢት! አንቺ ልጅ፣ የዱላውስ ሒሳብ?» አለ ኩምሳሪው፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ ጣቱን እያጮኸ።

ናርዶስ ስቴካውን ወደ ራሷ ሰበሰበችው። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የፑል መምቻ ወደ ሱቅ ዐረቢ ገበያ በሚሄድ የታጨቀ ሚኒባስ ውስጥ የሚሰበሰብ ከሆነ ነው እንግዲህ። ታችኛው ጫፉ እግሯ ሥር ነው፤ ላይኛው በመስኮት ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ እያስደነበረ ይሄዳል። ወገቡ ደግሞ አጠገቧ የተቀመጡት ሱዳናዊት ሴትዮ ጭን ላይ ተጋድሟል። ሴትዮዋ ነገሩን ቶሎ ስለለመዱት የሎሚ ፌስታላቸውን አንጠልጥለውበታል።

«ዱላ ይከፍላል እንዴ? ወንበር አልያዘ!» አለች ናርዶስ በዐረብኛ።

«የሦስት ሰው መቆሚያ ይዟል።»

«የእኔ ሎሚ ማንጠልጠያ ነው፣ ተወው» አሉት ሴትዮዋ። ኩምሳሪውም «ማሊሽ፣ ይሁን» ብሎ ወደ ሌላ ተሳፋሪ ዞረ።

ናርዶስ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ እናቷ ትርንጎ የከፈተችው ምግብ ቤት ጓሮ ነው። ምግብ ቤቱ አንድ የፑል ጠረጴዛና ሁለት ስቴካ አለው። ሁለት ይባል እንጂ አንደኛው በረንዳው ላይ የተወጠረውን የጥላ ሸራ ደግፎ ከቆመ ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን አንዱ ተጫዋች ሳያውቅ ቢያነሳው ሸራው ምሳ በሚበሉ ስድስት ሰዎች ላይ ወርዷል። ስለዚህ በትርንጎ ቤት ሁለት ሰው ሲጋጠም ቀሪዋን አንድ ስቴካ እየተቀባበለ ነው የሚጫወተው።

ናርዶስ ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ ትጫወታለች። ያስተማራት ኦሊያድ ነው። ኦሊያድ ወደ ሌላ አገር ለማለፍ መጥቶ፣ «ለጊዜው» ብሎ የጓሮውን ክፍል የተከራየ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው፤ ዐማራት ሰፈር ውስጥ ሕንፃ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። አስተማሪና ተማሪ ይሁኑ እንጂ አመታታቸው አይገናኝም። እሷ ኳሷን ከጎኗ ዳበስ አድርጋ፣ አሽከርክራ ወደምትፈልግበት ትልካለች። እሱ ያገኘውን ሁሉ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይመታል። ባለፈው ወር ሰባት ቁጥሯ ኳስ ከጠረጴዛው ዘላ የደንበኛቸው የጋሽ ዓለምነህ ፉል ውስጥ ገብታለች።

ነገሩ የከረረው ሰዎች ማውራት ሲጀምሩ ነው። «ልጅሽ ከወንድ ጋር ዱላ ትማዘዛለች አሉ» የሚለውን ወሬ ትርንጎ በአንድ ሳምንት ከአራት ሰው ሰማች። አምስተኛው ሲጨምርባት ልጇን ጠራቻት።

«ስሚ፣ ቅዳሜ ከኦሊያድ ጋር በሰው ፊት ትጋጠሚያለሽ። ካሸነፍሽ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ሰዓት ጠረጴዛው ያንቺ ነው፤ ማንም ቃል አይተነፍስም። ከተሸነፍሽ ግን ኻላስ፣ አበቃ! ስቴካ የሚባል ነገር እጅሽ ላይ እንዳላይ።»

ናርዶስ ያንን አንድ ሰዓት ከምንም ነገር በላይ ፈለገችው። ረቡዕ ግን ኦሊያድ ሲለማመድ ስቴካው ጫፍ ላይ የተለጠፈችው ክብ ቆዳ ተፈንጥራ ጠፋች። ያለ እሷ ስቴካው ኳስ ላይ ያንሸራትታል።

«ናርዲ፣ እኔ ነገ ሥራ ላይ ነኝ፣ አንቺ አስለጥፊው» አላት ኦሊያድ። «ጠንካራውን ቆዳ ነው ታዲያ! ሌላ እንዳታመጪብኝ፣ አቦ።»

«ልክ ነው፣ ጠንካራ!» አሉ ጋሽ ዓለምነህ ከፉላቸው ቀና ብለው። ካርቱም ሃያ ሁለት ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው፤ ስቴካ ነክተው አያውቁም፣ አስተያየት ግን አያጡም። «ለስላሳ ቆዳ ለጫማ ነው። መካከለኛ ደግሞ መወሰን ላቃተው ሰው የተሠራ ነው።»

ሱቅ ዐረቢ ያሉት የስፖርት ዕቃ ሻጭ ዓም ኦመር ይባላሉ። ሱቃቸው ከአንድ አልጋ አይሰፋም። ሦስት የቆርቆሮ ክዳን አውጥተው ፊቷ ደረደሩ፤ በየክዳኑ ላይ አዝራር የሚያካክሉ ክብ ቆዳዎች አሉ።

«ያላ፣ በጥፍርሽ ተጫኛቸው።»

የመጀመሪያው ላይ ጥፍሯ ሰመጠ። ሦስተኛው ላይ ተንሸራተተ። መሐለኛው ቀጭን መስመር ያዘና ቀስ ብሎ ተመለሰ።

«ለስላሳው ጫፉ ላይ የምትቀቢውን ጠመኔ ይይዛል፣ ኳሷን እንደ ልብሽ ያሽከረክርልሻል» አሉ ዓም ኦመር። «ግን በኃይል የሚመታ ሰው ከያዘው እንደ ኪስራ ቂጣ ይነጠፋል፤ ጉልበቱንም ይበላበታል። ጠንካራው ለጉልበተኛ ነው፤ ከጎን ልንካ ካልሽ ያዳልጥሻል። መካከለኛው ሁለቱንም ይችላል፣ ማንንም ግን አያሞላቅቅም። ለማን ነው?»

ናርዶስ ክዳኖቹን አንድ በአንድ አየች። ጠንካራው ከተለጠፈ የእሷ ኳስ ማሽከርከር አበቃ። ለስላሳው ከተለጠፈ ደግሞ የኦሊያድ ጉልበት ዋጋ የለውም። በስቴካው የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ እዚህ የቆመችው ግን እሷ ብቻ ናት።

«ለእኔ» አለች። «ለስላሳውን።»

ቤት ስትደርስ ጋሽ ዓለምነህ ጣታቸውን ቀስረው ተቀበሏት። «እስቲ ልጫነው!»

«እንዳይነኩት! ማስቲሹ አልደረቀም!»

«በዚያ በዘይት እጅዎ!» ብላ ትርንጎም ከማድቤት ጮኸች።

ኦሊያድ ከሥራ ሲገባ ቀኝ አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫፉን አየው። «ጠንካራው ነው፣ አይደል?»

«ጠንካራው ነው» አለች ናርዶስ።

«በጥፍርህ ሞክረው!» አሉ ጋሽ ዓለምነህ።

«በየትኛው ጥፍር ጋሼ? መዶሻ በላብኝ እኮ።»

«የግራውስ?»

«አቦ! ናርዲ ነው አላለችም እንዴ?» ብሎ ሄደና እጁን መታጠብ ጀመረ።

ናርዶስ ያን ማታ ራቷን መብላት አቃታት። በግራ አውራ ጣቱ ቢጫነውና ቢይዛት በተሻላት። ቢጮኽባት፣ «አንቺ ቀጣፊ» ቢላት ይቀልላት ነበር። እሱ ግን አመናት፤ አፈረች።

በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ ትምህርት የለም፣ የዓም ኦመርም ሱቅ ከጁምዓ ሶላት በፊት አይከፈትም። ከሰዓት እንደገና ስቴካዋን በመስኮት አውጥታ ተሳፈረች። የዛሬው ኩምሳሪ ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አባይ ላይ ስንት ዓሣ እንዳጠመደች ጠየቃት።

ዓም ኦመር የሱቃቸውን በር እየከፈቱ አዩዋት። «ተላቀቀ?»

«አልተላቀቀም። ይቀይሩልኝ።»

«ወላሂ ጥሩ አድርጌ ነው የለጠፍኩት!»

«እርስዎ አላጠፉም፣ ያ ዓም።»

ሦስቱን ክዳኖች እንደገና ደረደሩላት። ናርዶስ መልአክ አይደለችም፤ ጠንካራዎቹን ዞር ብላም አላየቻቸው። ጣቷን መሐለኛው ክዳን ላይ አሳረፈች።

«ለማን?» አሉ ዓም ኦመር።

«ለሁለታችን።»

የትናንቱን ለስላሳ ቆዳ በምላጭ ገፈው መካከለኛውን ለጠፉላት፤ ናርዶስም ከራሷ ኪስ ከፈለች።

ቅዳሜ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ዓለምነህ ፉላቸውን ይዘው መጨረሻው ጥግ ሄዱ፤ ይባስ ብለው ሳህኑን በክዳን ከደኑት። ትርንጎ ሽርጧን እንዳሸረጠች የማድቤቱ በር ላይ ቆማለች። የመጀመሪያው ምት የኦሊያድ ነው፤ ስቴካውን ተቀብሎ ትከሻውን አፍታታ፣ እጁን ወደ ኋላ ሳበ። ባትናገር ማንም አያውቅባትም። በማያውቀው ቆዳ በዚያ ጉልበቱ ቢመታ ኳሱ ሁሉ ሊበላሽበት ይችላል፤ እሷም ያችን አንድ ሰዓት ታገኛለች።

«ኦሊያድ፣ ቆይ» አለች። «ጠንካራው አይደለም። ዋሽቼሃለሁ። ሐሙስ ያስለጠፍኩት ለስላሳውን ነበር፤ ትናንት አስቀየርኩት። መካከለኛ ነው።»

«መካከለኛ!» አሉ ጋሽ ዓለምነህ መርዶ እንደተነገረው ሰው።

ኦሊያድ ስቴካውን አዙሮ ጫፉን በግራ አውራ ጣቱ ተጫነ፣ ደግሞ ተጫነ። ናርዶስ መሬት መሬቱን አየች።

«ረጋ ብለህ ከመታኸው ይታዘዝሃል» አለችው። «መጀመሪያ ተለማመድበት። አምስት ኳስ ምታ፣ እጠብቅሃለሁ።»

«አምስት አይበቃኝም» አለ ሳይስቅ። «አሥር።»

ናርዶስ እናቷን አየቻት። ትርንጎ በሩን ተደግፋ እጇን አጣመረች።

«እሺ፣ አሥር» አለች ናርዶስ፤ ኳስ እየደረደረችለትም ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች።

አንደኛው ግድግዳ መትቶ ተመለሰ። ሁለተኛው ጋሽ ዓለምነህን ክዳናቸውን በሁለት እጅ አስያዛቸው። በአራተኛው ክንዱ ላላ። በስድስተኛው ኳሷ ቀስ ብላ ተንከባልላ፣ ምንም ሳትነካ ጥጉ ቀዳዳ ውስጥ ገባች፤ ሰዉ «ዋው!» አለ። ሰባተኛዋም ገባች። ያች አንድ ሰዓት ከናርዶስ እጅ እየራቀች ነው።

«ሰባት» አለች ጮክ ብላ፤ ስምንተኛውንም አምጥታ አመቻችታ አስቀመጠችለት።